ከአስፋልት የሚታየው ቤት

ከሚሴ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ የዘመዶቼ ቤት አለ። ባለ አንድ ፎቅ ነው። ፊቱ ሰማያዊ መስታወት ነው፤ መስታወቱ ያልደረሰበትን ብርማ አሉኮቦንድ ሸፍኖታል። የበረንዳው ምሰሶዎች አናት ላይ የጂፕሰም አበባ ተለጥፏል። ገንዘቡ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሪያድ በሐዋላ ሲመጣ የኖረ ነው፤ የቤቱ ልጅ የሰው ቤት አጽድታ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ የላከችው።

ባለፈው ዒድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የሳሎኑ በር ክፍት ነው፤ መጅሊሱ እንደተነጠፈ ነው፤ ሰው ግን የለም። "ኧረ በጓሮ በኩል ና!" የሚለውን የአክስቴን ድምፅ ተከትዬ ዞርኩ። ቤተሰቡ በሙሉ፣ እንግዳው ጭምር፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥና ደጃፉ ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። ሰርቪሱ የድሮው የጭቃ ቤት ነው፤ ትልቁ ቤት ሲሠራ ዕቃ ይቀመጥበታል ተብሎ ከመፍረስ የተረፈ። ቡናው እዚያ ይፈላል፣ ምሳው እዚያ ይበላል፣ አጎቴም የቀትር እንቅልፉን የሚተኛው እዚያ ነው። "ትልቁ ቤትስ?" አልኳት። "እሱማ ምጣድ ነው የኔ ልጅ፤ ማታ በረድ ሲል እንገባለን" አለችኝ። ማታም ቢሆን የጣሪያው ሶሌታ ቀን የጠጣውን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ሲተፋ ነው የሚያመሸው።

ያ ሁሉ ብር ፈሶ ባለቤቶቹ ሰርቪስ ቤት ገቡ። ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ጉድ ቢሆን ኖሮ ስቄ ዝም ባልኩ። ግን ከሰንበቴ እስከ ባቲ፣ ወዲያም እስከ ኮምቦልቻ፣ ትልቁን ቤት ቆልፎ በጓሮ የሚኖር ሰው ሞልቷል። ይህ ሁሉ ሰው የተሳሳተው በስንፍና አይደለም። አገር ያጸደቀውን አስተሳሰብ አምኖ ነው። አስተሳሰቡም የሚለው፣ ምርጥ ቤት ማለት ፎቅ ያለው፣ የውጭ ዕቃ የለበሰ፣ መኪና ላይ ያለ መንገደኛ ቀና ብሎ "የማን ነው?" የሚልለት ቤት ነው። አርክቴክት ደግሞ ለግንባታ ፈቃድ ወረቀት ላይ ማህተም የሚመታ ሰው ነው፤ ፕላኑን ከጎረቤት ወይም ከስልክ ማግኘት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የግንበኛ ሥራ ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። እኛ ዘንድ ቅንጡ የሚባለው ቤት ብዙ ጊዜ ቅንጦት የጎደለው ቤት ነው፤ የጎደለውም ብር ሳይሆን ከጉድጓድ ቁፋሮ በፊት መደረግ የነበረበት ወሬ ነው።

ለሠርጉ ሱሪ ሲያሰፋ ወገቡንና ቁመቱን ሁለቴ ሦስቴ የሚያስለካ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን የሚኖርበትን ቤት ሲያሠራ የሌላ ሰው ልክ ይበቃኛል ይላል። ያ የሌላ ሰው ልክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን አልፋ የተቀመጠች፣ ጠዋት ጋቢ የምታስለብስ ከተማ ናት፤ ከሚሴ ከእሷ በ900 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። እዚያ ፀሐይ እንድትገባ እየተለመነ የሚገጠም መስታወት፣ እዚህ ሲገጠም ፀሐይን ሳሎን ውስጥ ያስራታል። ደጋ ላይ የተሰፋ ካፖርት ቆላ ወርዶ መልበስ ማለት ይኸው ነው። ቀጥሎ ኤሲ ይገዛል፤ ከዚያ መብራት ይጠፋል፤ ከዚያ ጀነሬተር ይገዛል፤ ከዚያ ነዳጅ ይጠፋል፤ በመጨረሻ ሁሉም ሰርቪስ ቤት ይገባል።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ፤ ካርታ አምጡ። ከሚሴንና መካን ፈልጉ። ሁለቱ ከተሞች ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር የተሰደሩ ያህል ናቸው፤ ሁለቱም 40ኛውን ዲግሪ ኬንትሮስ ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው ላይ ይገኛሉ። ከሚሴ ላይ ቂብላ ማለት እንግዲህ ቀጥ ያለ ሰሜን ነው። ፀሐይዋን ደግሞ እዩ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11ኛው ዲግሪ አካባቢ ባለ ከተማ ፀሐይ ቤት የምታቃጥለው ከምሥራቅና ከምዕራብ ነው፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ በመስኮት ስለምትገባ ምንም ክፈፍ አይመልሳትም። በሰሜንና በደቡብ በኩል ግን ከፍ ብላ ስለምታልፍ ሻል ያለ ክፈፍ ወይም በረንዳ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃታል። ሁለቱን ደምሯቸው። ረጅም ጎኖቹን ለሰሜንና ለደቡብ የሰጠ፣ ጠባብ ጎኖቹንና ጥቃቅን መስኮቶቹን ለምሥራቅና ለምዕራብ ያዞረ ቤት፣ ቀን ይቀዘቅዛል፤ ሰጋጁም በክፍሉ ውስጥ ግድግዳውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መስገጃ በሰያፍ መዘርጋት፣ "ወደየት ነበር?" መባባል የለም። ለሙስሊም አገር፣ ለሞቃት አገር፣ መልክዓ ምድሩ በነጻ የሰጠው ፕላን ነው። ጥቂት ከተሞች ናቸው እንዲህ ያለ ዕድል ያላቸው።

እኛስ ምን አደረግንበት? ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ በጥቅሉ ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። ፊቱን ወደ አስፋልት ያዞረ ቤት ፊቱን የሰጠው ለምሥራቅ ወይም ለምዕራብ ነው ማለት ነው። ከዚያም ያንን ፊት ከላይ እስከ ታች መስታወት እናለብሰዋለን። ለመታየት የተከፈለው ዋጋ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቆረጣል።

ውስጡን ልግባበት፤ የከፋው እዚያ ነው። በተቀዳው ፕላን ላይ ማእድ ቤቱ ክፍት ነው፣ ከሳሎኑ ጋር ተያይዟል። ሥዕሉ ላይ ያለችው ወይዘሮ ሰላጣ እየቆረጠች ነው። በኛ ቤት በርበሬ ይቆላል፣ ሽንኩርት ይቁላላል፣ ምጣድ ይሰማል፣ ዕጣን ይጨሳል። ስለዚህ "ሞደርን" የተባለው ማእድ ቤት የብርጭቆ ማሳያ ሆኖ ይቀርና እውነተኛው ወጥ ጓሮ ይሠራል። እንግዳ ሲመጣ ሴቶቹ በየት በኩል ይለፉ? ወንዶቹ ሳሎን ከተቀመጡ ቤተሰቡ ወደ መኝታ የሚወስደው መተላለፊያ በመካከላቸው ነው። ዱኣ ሲሆን፣ መውሊድ ሲሆን፣ ለቅሶ ሲሆን፣ ሠላሳና አርባ ሰው የሚቀመጥበት ጥላ የለም፤ ድንኳን ይተከላል። ባኞ ቤቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ሰራሚክ ነው፤ ለውዱእ እግር የሚታጠብበት ዝቅ ያለ ቦታ ግን የለም። ስንት የተከበሩ ሐጂ አንድ እግራቸውን አንስተው የፊት መታጠቢያ ሳህን ውስጥ ሲያስገቡ፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳ ሲይዙ አይቻለሁ። የመጸዳጃውን መቀመጫ ነገር ባላነሳው ይሻላል። ቂብላን ፊት ለፊት ገጥሞ ከተተከለ በኋላ ነው ትዝ የሚለን፤ ያኔ ቧንቧው ተቀብሯል፣ ሰራሚኩ ተለጥፏል።

እነዚህ ነገሮች በሙሉ በእርሳስ ጊዜ ነጻ ናቸው። መስመር ማጥፋትና ማስመር ብቻ ነው። በሲሚንቶ ጊዜ ግን መዶሻ ያስይዛሉ። አርክቴክት የሚባለው ሰው የሚያስፈልገው እንግዲህ ለዚህ ነው፤ "በቀን ስንት ጊዜ እንግዳ ይመጣችኋል? እናታችሁ ደረጃ ይወጣሉ? ቡና የምታፈሉት የት ነው? ከብት አላችሁ? ስንቱ ልጅ አግብቶ እዚሁ ግቢ ይቀራል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው። መልሱን ሰምቶ የሚስል። ማህተሙ የሥራው መጨረሻ እንጂ ሥራው አይደለም።

"ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ ፕላኔ በመንግሥት ጸድቋል" የሚል መልስ ይመጣብኛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ከፍታና ስፋት ሲጨምር የባለሙያውም ደረጃ እንዲጨምር ያደረገው ሕንፃው ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው። የግንባታ ሕግ ቤቱ አለመውደቁን ይጠይቃል። አጎትህ ቀትር ላይ የሚተኛበት ማግኘቱን አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይገባውም። ያን ጥያቄ መጠየቅ የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ማህተሙን ካገኘ ወዲህ ጥያቄ ጨርሷል።

አርክቴክቶቹን ከተጠያቂነት ላወጣቸው አልፈልግም። ይህን ስም በራሳቸው እጅ ነው ያተረፉት። አንዱን ሥዕል አራት ከተማ የሚሸጡ፣ ቦታውን ሳያዩ "ሳይት ፕላን" የሚያወጡ፣ ሰሜን የት እንደሆነ የምታመለክተውን ቀስት ለጌጥ የሚያስቀምጡ አሉ። አንድ ጊዜ ለእኔም እንዲህ ያለ ፕላን ተሸጦልኛል፤ ቁልቁለት ለሆነ መሬት ሜዳ ነው ተብሎ የተሳለ። ያኔ ያዳነኝ ግንበኛው ነው። ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ "ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እዚህ መጥቶ ያውቃል?" አለኝ።

ግንበኛውን ያነሳሁት ሌላውን ስሕተት ለማሳየት ነው። "ቤት የሚሠራው ግንበኛ ነው" የሚሉት ሰዎች ግንበኛውን ያከበሩት ይመስላቸዋል። አላከበሩትም። በቀን ሒሳብ ይቀጥሩታል፣ "ልክ እንደዚያኛው አድርገህ ሥራልኝ" ብለው የጎረቤት ቤት ያሳዩታል፣ ያሰበውን አይጠይቁትም። እጁን ገዝተው ጭንቅላቱን ይተዉታል። የግብፁ አርክቴክት ሐሰን ፋቲ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሉክሶር ማዶ አዲስ ጉርና የተባለችውን መንደር በጭቃ ጡብ ሲያሠራ፣ ያለ እንጨት ድጋፍ ጣሪያ በቅስት መዝጋት የሚችሉትን የኑብያ ግንበኞች ከአስዋን ድረስ ፈልጎ አምጥቷል። የተማረው ሰው ካልተማረው ተማረ። መንደሯ የታሰበላትን ያህል ሰው አልገባባትም፤ የሚሰፍሩት ሰዎች መዛወሩን አልፈለጉትምና። ይህም ለኛ ትምህርት ነው፦ ነዋሪው ያልመከረበት ቤት በዓለም የታወቀ አርክቴክት ቢሠራውም ባዶ ይቀራል። ባለቤት፣ አርክቴክት፣ ግንበኛ፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጉልቻው አይቆምም።

ወደ ራሳችን ደጅ ልመለስ። ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ፣ ደዋ ጨፋ ወረዳ ውስጥ፣ ተራራ አናት ላይ ሾንኬ አለች። የአርጎባዎች መንደር ናት፤ የዓሊሙ የሼህ ጀውሃር አገር፣ የዒልም አገር። ቤቶቿ ከድንጋይ፣ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው፤ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ፣ አፈር የለበሰ ነው፤ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ቁልቁለቱን ይዘዋል። ዕድሜያቸው በመቶ ዓመታት ነው የሚቆጠረው። ቱሪስት ሊያይ ይወጣል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ይወርዳል። የከሚሴ ባለሀብትም እንግዳ ሲመጣበት ወስዶ ያሳያል፣ ይኮራባታል፤ ሲመለስ መስታወት ያዛል። ወፍራሙ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ቅዝቃዜ እንደሚያቆይ፣ አፈሩ ጣሪያ ፀሐይን እንደሚመክት፣ ተደጋግፈው መቆማቸው ለፀሐይ የሚጋለጠውን ግድግዳ እንደቀነሰላቸው የጠየቀ የለም። ቅርስ ብለን ሰቀልናት፤ ከቅርስ ደግሞ ማን ፕላን ይቀዳል?

እዚህ ላይ የሚቆጣኝ አንባቢ ይኖራል። "ወደ ድንጋይና ጭቃ ተመለሱ ልትለን ነው?" አይደለም። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ናፍቆተኞቹም ልክ አይደሉም። ከሚሴ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ወደ ደቡብ በምትገኘው ካራ ቆሬ አካባቢ ምድር ተንቀጥቅጦ ማጀቴ ፈርሳለች፤ ካራ ቆሬም ክፉኛ ተጎድታለች። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ያለውን ሰው ከፎቅ አስወርዷል። በጭቃ የተያያዘ፣ ማሰሪያ የሌለው የድንጋይ ግድግዳ በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ይገድላል። ግን መስታወት የለበሰውም ፎቅ አይተርፍም። ምድር ቤቱ ሱቅ ስለሆነ ፊቱ ግድግዳ የለውም፤ ከላይ ያለው በብሎኬት ተሞልቶ ከባድ ነው፤ ከባዱ ቤት በቀጫጭን እግር ላይ ቆሟል። ሲወዛወዝ የሚሰበረው እግሩ ነው። መሬቱም አለ፤ የጨፋ ሜዳ ዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ አዲስ ቤት በሁለት ዓመቱ ከመስኮቱ ጥግ ሰያፍ ስንጥቅ ሲያወጣ "ሲሚንቶው ነው" እንላለን። ሲሚንቶው ላይሆን ይችላል። መሠረቱ የማን ቤት መሠረት እንደሆነ ነው መጠየቅ ያለበት፤ ገረጋንቲ ላይ የቆመ የሰው ቤት ተቀድቶ ዋልካ ላይ ተተክሎ ይሆናልና።

ስለዚህ የሾንኬን ግድግዳ በዘመኑ ማሰሪያ፣ በአርማታ ቀለበት፣ በተሰላ መሠረት መሥራት ይቻላል፤ ማስላቱ ግን መሐንዲስ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ልደታ በሚገኘው የሥነ ሕንፃ ተቋም ግቢ፣ ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ጋር በመተባበር፣ ምድር ቤቱ ከተጠቀጠቀ አፈር፣ ፎቁ ከአፈር ጡብ፣ ወለሉና ጣሪያው ፌሮ በሌለው የጡብ ቅስት የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከተሠራና ከታየ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥቁር ድንጋይ አለን። ኮብልስቶን ሲጠርቡ እጃቸው የሰላ ወጣቶች በየከተማው አሉ፤ ዛሬ ሥራ ፈተው የተቀመጡም አይጠፉም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አሉኮቦንዱ፣ መስታወቱና ሰራሚኩ የት እንደደረሰ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ድንጋዩ ግን ዶላር አይጠይቅም። ያ ገንዘብ ቻይና ከሚሄድ የከሚሴ ልጅ ኪስ ቢገባ ምን ይጎዳል?

የሚያዳምጡኝ ሰዎች አንድ ብርቱ መልስ አላቸው፤ ልደብቀው አልፈልግም። "ብር ቁጭ ካለ ይቀልጣል፤ ዛሬ የላከችውን ዛሬ ብሎኬት ካላደረግነው ነገ ግማሽ ነው። ስድስት ወር ከአርክቴክት ጋር የምናወራበት ጊዜ የለንም።" እውነት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ካለፉት ዓመታት ጦርነትና ቃጠሎ በኋላ የቸኮለ ሰው ላይ ማንም ድንጋይ መወርወር የለበትም። ግን ጥድፊያው ቁፋሮውን እንጂ ሐሳቡን አይከለክልም። ሥዕሉ ተጨርሶ ከተቀመጠ ብር በመጣ ቁጥር ከፍሎ ከፍሎ መሥራት ይቻላል፤ ዘንድሮ ሁለት ክፍልና በረንዳ፣ ለከርሞ ሳሎኑ። ሥዕል የሌለው ሰው ነው ሁሉን በአንዴ ጀምሮ ፌሮው ሰማይ ላይ እንደቆመ ሰባት ዓመት የሚዝግበት።

ውሉም እንደዚሁ ነው። ከግንበኛና ከኮንትራክተር ጋር በቃል መስማማት ዘመድነት ይመስለናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሥራ ውል የተቀበለ ሰው ለሥራው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ስንቶቻችን ነን ይህ መብት እንዳለን የምናውቀው? ብናውቅስ ማስረጃ የሚሆን አንድ ገጽ ወረቀት የት አለን? ሚሊዮኖች አውጥተን ለመስታወቱ ቀለም ሦስት ቀን እንከራከራለን፤ ለውሉ ሦስት መስመር አንጽፍም።

ወሎ ቅንጦትን የማያውቅ አገር ቢሆን ኖሮ አልናደድም ነበር። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ትልቅ የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። የባለቤቱ ክብር የተለካው በሚያስተናግደው ሰው ብዛት ነው፤ ድሃውም ሀብታሙም ገብቶ በላበት። የኛ ባለ መስታወት ሳሎን ግን ራሱ ባለቤቱን ይጠየፋል፤ ጫማ አውልቁ፣ መጋረጃ አትክፈቱ፣ ልጆች አትግቡ። የወረድንበት ደረጃ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ የሌላው ሰው ማለፊያ መንገድ ጌታ ሆነ፣ የቤቱ ሰው ሎሌ።

የሚያሳዝነኝ ደግሞ ከፋይዋ ናት። ቤቱን በኢሞ ነው የምታየው። ወንድሟ ስልኩን ይዞ ይዞራል፤ "ይኸው ሶሌታው ተሞላ፣ ይኸው መስታወቱ ገባ፣ አየሽው?" ይላታል። አየችው። ስልክ ሙቀት አያሳይም። የት ክፍል ልትተኛ እንደምትፈልግ፣ ስትመለስ ጓሮ ዶሮ ልታረባ ወይስ ፊት ለፊት ሱቅ ልትከፍት እንዳሰበች የጠየቃት የለም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከወሎ የሄዱ ብዙዎች በድንገት ቤታቸው ደረሱ፤ የሠሩትን ቤት መጀመሪያ በእግራቸው የረገጡት ያኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሄዱትም ነገ ይመለሳሉ። ዘመዴ በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ ብላለች። አክስቴ ካሁኑ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ አልጋ አዘጋጅታላታለች።

በመስከረም ቁፋሮ ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት፣ ፀሐይ በደመቀበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አርክቴክቱንና ግንበኛውን ይዛችሁ ባዶው መሬት ላይ ወንበር አውጥታችሁ ተቀመጡ። የሳዑዲዋንም በስልክ አስገቧት። ጥላው በየት በኩል እንደሚወድቅ እዩ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እዩ፣ ቡና አፍሉና ሦስተኛው እስኪወርድ ተነጋገሩ። አስፋልቱን ግን ጀርባ ስጡት።